የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣንና ወሰኑ

ጸጥታ በሌለበት መብት በወረቀት ላይ ይቀራል፤ ስለዚህም ሥርዓትን ማስከበር የመንግሥት ቀዳሚ ግዴታ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ለአማራ ክልል የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም መነሻው ይኸው ነበር። ይሁን እንጂ ሕገ መንግሥቱ ሥልጣኑን የሰጠው ከነወሰኑ ነው፤ በአንቀጽ 93 መሠረት አዋጁ ከ6 ወር በላይ የሚጸናው በምክር ቤቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ በየ4 ወሩ ሲታደስ ብቻ ነው።

ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በመራዊ ከተማ ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል፤ ምክር ቤቱ አዋጁን ያራዘመው ከ4 ቀናት በኋላ ነበር። ሕግን ለማስከበር የተሰማራ ኃይል ራሱ ከሕግ ሲወጣ የሚዳከመው ጸጥታው ነው፤ ሰላማዊው ገበሬ አቤት የሚልበት ደጅ ያጣልና።

በአስቸኳይ ጊዜ ቤተሰቡ የታሰረበት ዜጋ፣ 7 አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ የታሳሪዎችን ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በ1 ወር ውስጥ ይፋ የማድረግ ግዴታ እንዳለበት ሊያውቅ ይገባል።