ካፖውን ፍቱት

በየወጣት ኅብረቱ ጊታር የሚይዝ አይጠፋም። «አርባ መዝሙር እችላለሁ» የሚልም አለ። ዘማሪዋ «ዛሬ ድምፄ አልተነሳም፤ አንድ ቶን ዝቅ አድርጉልኝ» ያለች ዕለት ግን አርባውም ከእጁ ይወጣል። ኪቦርድ የሚመታው ትራንስፖዝ ተጭኖ ይገላገላል። ባለ ጊታሩ ካፖውን ወዲያና ወዲህ ያደርጋል፤ ካፖ ግን ከክፍቱ ክር በታች ማውረድ አይችልም። መጨረሻው ዝምታ ነው።

ታዲያ ይህ ልጅ አርባ መዝሙር ያውቃል? አያውቅም እላለሁ። የሚያውቀው አራት የጣት ሥዕል ነው፦ ጂ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ማይነር። ከዚያ አልፎ ሲጠይቅ «ባር ኮርድ ከባድ ነው፤ በኋላ ትደርስበታለህ» ይሉታል። ያ «በኋላ» ለብዙዎች መቼም አይመጣም። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ተንቀሳቃሹን የኮርድ ቅርፅ በመጀመሪያዎቹ ወራት ተማሩት፤ መለማመጃችሁም የኢንዲ ሮክ ዘፈኖች ይሁኑ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኢ ሜጀርን ቅርፅ በመሀል፣ በቀለበትና በትንሿ ጣት ያዙ። ነፃ በቀረው አመልካች ጣት ስድስቱንም ክር ተጭናችሁ ቅርፁን ወደ ጊታሩ ሆድ ግፉት። አመልካች ጣታችሁ 1ኛው ፍሬት ላይ ሲሆን ኤፍ፣ 3ኛው ላይ ጂ፣ 5ኛው ላይ ኤ፣ 7ኛው ላይ ቢ፣ 8ኛው ላይ ሲ ታገኛላችሁ። የመሀል ጣትን ብቻ አንሱ፤ ሜጀሩ ማይነር ይሆናል። የኤ ቅርፅም በ5ኛው ክር እየተመራ እንዲሁ ይሄዳል፦ 2ኛው ፍሬት ላይ ቢ፣ 3ኛው ላይ ሲ፣ 5ኛው ላይ ዲ፣ 7ኛው ላይ ኢ። እነዚህን ሁለት ቅርፆች ከነማይነራቸው የያዘ ሰው 12ቱም ሜጀር፣ 12ቱም ማይነር በእጁ ናቸው። እያንዳንዱን ኮርድ እንደ አዲስ ሥዕል መሸምደድ ቀረ ማለት ነው።

ለምን ኢንዲ ሮክ? የብዙዎቹ ዘፈኖች አሠራር ጥቂት ቅርፅ በጊታር አንገት ላይ ማመላለስ ስለሆነ፣ ደግሞም ከለመድናቸው አራት ኮርዶች ስለሚያስወጡን። የቦስተኖቹን ፒክሲስ ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1988 «ሰርፈር ሮዛ» በተባለው አልበማቸው ያወጡት «ዌር ኢዝ ማይ ማይንድ» በኢ፣ በሲ ሻርፕ ማይነር፣ በጂ ሻርፕና በኤ ይዞራል። ክፍት ኮርድ ብቻ ለሚያውቅ ሁለቱ መሀለኛ ኮርዶች ግድግዳ ናቸው። ቅርፁን ለሚያንቀሳቅስ ግን መጀመሪያ የኤ ቅርፅ 7ኛው ፍሬት ላይ፣ ቀጥሎ የኤ ማይነር ቅርፅ 4ኛው ላይ፣ ከዚያ የኢ ቅርፅ እዚያው 4ኛው ላይ፣ በመጨረሻም 5ኛው ላይ ነው። አንድ ቶን ዝቅ ይበል ከተባለ ሁሉም ሁለት ሁለት ፍሬት ይወርዳል፦ 5፣ 2፣ 2፣ 3። አለቀ።

የእንግሊዞቹ ሬዲዮሄድ እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡት «ክሪፕ» ደግሞ በአንድ የኢ ቅርፅ ብቻ ሊመታ ይችላል። 3ኛው ፍሬት ላይ ጂ፣ 7ኛው ላይ ቢ፣ 8ኛው ላይ ሲ፤ ከዚያ ሳትንቀሳቀሱ የመሀል ጣትን አንሱና ሲ ማይነር። በጂ ኪይ ውስጥ ጆሮ የሚጠብቀው ቢ ማይነር ነበር፤ እነርሱ ሜጀር አደረጉት። ሲ ሜጀርን ደግሞ ወደ ማይነር መለሱት። የዘፈኑ ኀዘን ያለው እዚያች አንድ ጣት ላይ ነው። ሜጀርና ማይነር በስሜት ምን ያህል እንደሚራራቁ ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር ሰሌዳ አላየሁም።

«ዓለማዊ ዘፈን ለምን?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። የግጥሙን ነገር እያንዳንዱ በኅሊናው ይመዝን፤ የማይስማማችሁን ቃል አትዘምሩት፣ ኮርዱን ብቻ ምቱ። 7ኛው ፍሬት ላይ ያለው ቢ ሜጀር ግን ሃይማኖት የለውም። በመዝሙራችን ውስጥ የምንመታው ቢ ሜጀር ያው ራሱ ነው።

«ክፍት ኮርድ ያምራል» ለሚሉም እውነት አላቸው። ያልተጫነ ክር የሚሰጠውን ጩኸት ባር ኮርድ አይሰጥም፤ ለዚያ ድምፅ ተብሎ የሚታሰር ካፖም በቦታው ነው። የምቃወመው ካፖውን እንደ ምርኩዝ መያዙን ነው።

ከሁሉ በላይ የምቃወመው ግን «ለእርሱ ተሰጥቶታል፣ ለእኔ አልተሰጠኝም» የሚለውን አነጋገር ነው። ትሕትና ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የስንፍና መሸፈኛ ነው። 1ኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 25ን አንብቡ። በቤተ መቅደሱ ለዝማሬ የቆሙት 288 ሰዎች የተማሩና የሠለጠኑ እንደነበሩ ተጽፏል፤ አስተማሪና ተማሪም አብረው ተቆጥረዋል። ጣት የሚጠነክረው በልምምድ ነው፤ ይህን ቅባት ብላችሁ አትጥሩት፤ ያልሠራችሁትንም በጸሎት አታካክሱት።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ጀምሩ። 1ኛው ፍሬት ላይ ከኤፍ ጋር አትታገሉ፤ እዚያ ክሩ ወደ ጊታሩ ጭንቅላት ስለሚጠጋ ለመጫን ይከብዳል። 5ኛው ፍሬት ላይ ኤን ያዙ። አመልካች ጣታችሁን ትንሽ ወደ ጎኑ አዙሩና ከፍሬቱ ብረት አጠገብ አሳርፉት። ስድስቱን ክሮች አንድ በአንድ ንኩ፤ የታፈነውን ለዩና ጣታችሁን አስተካክሉ። እጃችሁ ሲደክም አሳርፉት፤ ሕመም ከተሰማችሁም አቁሙ። በየቀኑ አሥር ደቂቃ በቂ ነው። ኤ ሲጠራላችሁ ያንኑ ቅርፅ ወደ 7ኛው ውሰዱት፣ ወደ 3ኛውም መልሱት። በመጨረሻ፣ ጣታችሁ ሲለምደው፣ 1ኛው ላይ ኤፍ ያው ቅርፅ ሆኖ ይጠብቃችኋል።