ሜዳ አልባው ሻምፒዮን

ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ጎንደር ላይ አንድም የሊግ ጨዋታ አላደረገም። ሊጉ ከአዲስ አበባ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ ሲዞር ከረመ። በኮሮና ሰበብ የመጣው አሠራር ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ።

"ሜዳ ያው ሜዳ ነው" ባዮች ተሳስተዋል። የእግር ኳስ ሕግ ራሱ የሜዳ ስፋት ከ45 እስከ 90 ሜትር ይፈቅዳል። ሜዳው ሰፊ የሆነ ቡድን በክንፍ ፈጣን ልጅ አሰልፎ የተጋጣሚን ተከላካይ ይበትናል። ጠባብ ከሆነ ተጠጋግቶ ይጫናል፤ የእጅ ውርወራው ሳይቀር እንደ ማዕዘን ምት ያስፈራል። ይህ በተውሶ ሜዳ አይለመድም። ከ2,100 ሜትር በላይ ያለው የጎንደር ከፍታስ? ከቆላ ለሚመጣ እንግዳ ሳንባ ራሱን የቻለ ተከላካይ ነበር!

የአፄ ፋሲለደስ ስታዲየም መስፈርት ይጎድለዋል ከተባለ ይጠገን። ቡድኑን ዘላለም ስደተኛ ማድረግ ግን ጥገና አይደለም። ደጋፊው ዛሬም ክለቡን የሚያየው በቴሌቪዥን ነው፤ ያውም መብራት ካልጠፋ።