የቤት አያያዝ፤ ስለ መብራት ማብሪያና ስለ ክዳኑ

ቤቱን ለማሳመር የሚያስብ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ምንጣፉ፥ ስለ መጋረጃውና ስለ ወንበሩ ነው። በግድግዳ ላይ ስላለችው ስለ ትንሿ የመብራት ማብሪያና ማጥፊያ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ነገር ግን በቤት ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ የቤተ ሰብ እጅ ዘወትር የሚያርፍባት እርስዋ ናት። ባለቤቱም፥ እመቤቲቱም፥ ልጁም፥ ሠራተኛዪቱም በየቀኑ ይነኩዋታል። ስለዚህ ክዳኗንና ሌላውን መሣሪያዋን በምንመርጥበት ጊዜ የእንግዳ ዓይን ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰብ እጅ ሊታሰብ ይገባል።

ለዚህ ነገር ምስክር እንዲሆን በራሴ ቤት የሆነውን ልናገር። ለእንግዳ መቀበያው ክፍል ይስማማል ብዬ የሚያብረቀርቅ የነሐስ ክዳን ገዛሁና አሮጌውን የፕላስቲክ ክዳን አስነቅዬ በርሱ ፈንታ አስገጠምሁ። ያዩትም ሁሉ አመሰገኑት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቤት የምታጸዳው ልጅ «ጋሼ፥ ይህ ነገር ነዘረኝ» አለችኝ። እኔም ነክቼው ምንም ስላልተሰማኝ ነገሩን ንቄ ተውሁት። ሁለተኛ በነገረችኝ ጊዜ ግን ባለሙያ አስጠራሁ። ባለሙያውም በከፈተው ጊዜ ክዳኑን ለማሰር የገባው ብሎን ከመጠን በላይ ረጅም ሆኖ የሽቦውን ልባስ ልጦት ተገኘ፤ ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦም በሣጥኑ ውስጥ አልነበረም። እኔ የነካሁት ጫማ አድርጌ በደረቅ እጅ ነው፤ እርስዋ ግን በባዶ እግርዋ ቆማ በእርጥብ ጨርቅ ትወለውለው ነበር። ዕቃውን የመረጥሁት እኔ ስሆን ለአደጋው የተጋለጠችው እርስዋ ሆነች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተማርሁትን ለአንባቢዎች ማካፈል ግዴታዬ መሰለኝ።

መጀመሪያ፤ በአገራችን ወደ ቤት የሚገባው የኤሌክትሪክ ኃይል 220 ቮልት ነው፤ ይህም ሰውን ለመግደል የሚበቃ ነው። ስለዚህ የብረት ወይም የነሐስ ክዳን የሚወድ ሰው ክዳኑ ወደ መሬት ከሚወርደው ሽቦ ጋራ መያያዙን በባለሙያ ያረጋግጥ። ይህ ሽቦ በሌለበት በአሮጌ ቤት ግን ፕላስቲክ ይሻላል፤ ውበቱ ቢያንስም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍምና።

ሁለተኛ፤ ክዳኑ በግድግዳ ውስጥ ከተቀበረው ሣጥን ጋራ መስማማት አለበት። ዕቃው ከልዩ ልዩ አገር የሚመጣ ስለ ሆነ ልኩም ልዩ ልዩ ነው። የእንግሊዝና የቻይና ክዳን ብዙ ጊዜ በየጎኑ 86 ሚሊ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ሲሆን የሁለቱ ብሎኖች ርቀት 60.3 ሚሊ ሜትር ነው። በብዙ የአውሮፓ አገር ሣጥኑ ክብ ሆኖ የብሎኖቹ ርቀት 60 ሚሊ ሜትር ነው። የኢጣልያ ባለ ሦስት ማብሪያ ሣጥን ግን ወደ ጎን ረዘም ያለና የብሎኖቹ ርቀት 83.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ነው። እንግዲህ ወደ ገበያ ከመሄድ በፊት መለካት ወይም አሮጌውን ክዳን ይዞ መሄድ ነው። የማይስማማውን በግድ የገጠሙት እንደ ሆነ ክዳኑ ይሰነጠቃል፥ ወይም በጎኑ የሕፃን ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይቀራል።

ሦስተኛ፤ በማብሪያው ላይ የተጻፈውን የአምፔር ቍጥር ማንበብ ይገባል። 10 አምፔር የተጻፈበት ማብሪያ በ220 ቮልት ከ2200 ዋት በላይ አይሸከምም። 3500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ግን ወደ 16 አምፔር ያህል ይጠይቃል። ስለዚህ ለምጣድና ለውሃ ማሞቂያ የሚሆነው ማብሪያም ሽቦም ለብቻው፥ ከፍ ያለ ኃይል የሚችል መሆን አለበት።

አራተኛ፤ የብርሃኑን መጠን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ዲመር የሚባለው መሣሪያ ለመኝታ ክፍልና ለራት ሰዓት ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ከኤል ኢ ዲ አምፖል ሁሉ ጋራ አይስማማም። በአምፖሉ ማሸጊያ ላይ ከዲመር ጋራ እንደሚሠራ ያልተጻፈ እንደ ሆነ ብርሃኑ ይርገበገባል፥ አምፖሉም ፈጥኖ ይበላሻል።

አምስተኛ፤ ለበረንዳና ውሃ ለሚረጭበት ስፍራ አይ ፒ 44 የሚል ምልክት ያለበት ክዳን ይመረጣል። ሁለተኛው 4 ቍጥር ከየትም አቅጣጫ የሚረጭ ውሃ እንደማይጎዳው የሚያመለክት ነው። የመታጠቢያ ቤት ማብሪያ ግን ከክፍሉ ውጭ ቢሆን ይመረጣል።

ስለ አያያዙም ጥቂት ልጨምር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1884 ዓ.ም. ጆን ሄንሪ ሆልምስ የተባለ እንግሊዛዊ በኒውካስል ከተማ መገናኛውን በስፕሪንግ ፈጥኖ የሚያላቅቅ ማብሪያ ሠራ። ምክንያቱም መገናኛው ቀስ ብሎ የተላቀቀ እንደ ሆነ በመካከሉ የእሳት ብልጭታ እየዘለለ ብረቱን ይበላዋል። ዛሬም ማብሪያው በመካከል ቀጥ ብሎ የሚቆም፥ ሲነካ የሚንጣጣ፥ የሚሞቅ ወይም የቃጠሎ ሽታ ያለው ከሆነ ማገልገሉ አብቅቷልና ሳይውል ሳያድር መለወጥ ነው።

ክዳን ለመለወጥ መብራቱን በማብሪያው ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ መብራቱ ቢጠፋም በሣጥኑ ውስጥ ባለው ሽቦ ኃይል ይኖራልና። ኃይሉ ከቆጣሪው አጠገብ ባለው ብሬከር ይቋረጥ፤ ቀጥሎም ባለሙያው በቴስተር ይፈትሸው። በሚጸዳበት ጊዜም በደረቅ ጨርቅ ይወልወል እንጂ ውሃም ሳሙናም አይረጭበት።

ከሁሉ በላይ ግን የቤቱ ጌታ የሠራተኛውንና የልጁን ቃል ይስማ። «ነዘረኝ» ያለው ሰው የሚናገረው ጌታው ያላየውን ነው፤ ጌታው ነክቶ ምንም ያልተሰማው እንደ ሆነም ይህ አደጋው አለመኖሩን አያስረዳም። የአንድ ክዳን ዋጋ ጥቂት ነው፤ የሰው ነፍስ ግን ዋጋ የላትም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነውና እያንዳንዱ አንባቢ ዛሬ ማታ መብራቱን ሲያበራ ክዳኑን አንድ ጊዜ አስተውሎ ይመልከት።