አልዓዛር የማይደርስበት ሰፈር



በጉባኤዎቻችን እየተለመደ የመጣ አንድ ምስክርነት አለ። «ጌታ ከዚያ ሰፈር አወጣን፤ ዛሬ ጥሩ ሰፈር ቤት ገዛን» ይባላል። ጉባኤውም «አሜን፣ ሃሌሉያ» ብሎ ያጨበጭባል። ለመሆኑ «ያ ሰፈር» የማን ነው? እዚያው አዳራሽ ኋላ ወንበር ተቀምጠው አሜን የሚሉት እናቶች የሚኖሩበት አይደለምን? ከእነርሱ መራቃችንን በፊታቸው እናመሰግንበታለን!

ቤት መግዛት ኃጢአት ነው አንልም። የኪራይን ጣጣ ያየ ሰው የራስ ጣሪያ ምን ያህል ዕረፍት እንደሆነ ያውቃል። የምንቃወመው ሌላ ነገር ነው። ደላላው ቤቱን ሲያሳየን የክፍሎቹን ብዛት ብቻ አይቆጥርልንም፤ «እዚህ ሰፈር ማንም ዝም ብሎ አይገባም፤ ጎረቤቶቹ ሁሉ ያላቸው ሰዎች ናቸው» ይለናል። ዋጋው የሚጨምረውም በዚህ ነው። እንግዲህ የምንከፍለው ለብሎኬቱና ለሴራሚኩ ብቻ ሳይሆን ድሃ ጎረቤት እንዳይኖረን ጭምር ነው።

ጌታ ኢየሱስ በሉቃስ 16፥19-31 የነገረንን ሀብታም እናስብ። አልዓዛርን እንደ ደበደበው ወይም እንደ ዘረፈው አልተጻፈም። ድሃው በደጁ ተኝቶ ሳለ እርሱ በየቀኑ በደስታ ይኖር ነበር፤ በቃ፣ ጥፋቱ ይኸው ነው። ነገር ግን አልዓዛር ቢያንስ እስከ ደጁ ደርሷል። እኛ የምንመኘው ጥበቃው ዋናው መግቢያ ላይ የሚመልሰውን ሰፈር ነው። ሀብታሙ ድሃውን እያየ አለፈው፤ እኛ ግን ጭራሽ እንዳናየው ገንዘብ እንከፍላለን። ታዲያ የማን ፍርድ ይከብዳል?

«ይህ በለገጣፎና በአዲስ አበባ ዳርቻ በአጥር የተከለሉ መንደሮች ለሚገዙ ሰዎች ነው» የሚል ይኖራል። ነቀምቴ አዲስ አበባን አታህልም፤ ልቡ ግን ባኬ ጃማም ደርሷል። መጀመሪያ ግንቡ ከፍ ይላል፣ ቀጥሎ ጫፉ ላይ ሽቦ ይጠመጠማል፣ በመጨረሻ የጎረቤታችን ልጅ ስም ይጠፋናል።

ለወለጋ አማኝ ይህ እጥፍ ነውር ነው። አባቶቻችን ቤት የሠሩት በደቦ ነው፤ ጭቃውን ያቦካው፣ ግድግዳውን ያቆመው ጎረቤት ነበር። ወንጌሉስ በማን እጅ መጣልን? በልጅነቱ ለባርነት በተሸጠው በኦኔሲሞስ ነሲብ እጅ አይደለምን? መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1899 ያሳተመው፣ በ1904 ወደ ነቀምቴ መጥቶ ያስተማረው እርሱ ነው። ያ የተሸጠ ልጅ ዛሬ ቢመጣ በሩን እንከፍትለት ነበርን? በደርግ ዘመንም አብያተ ክርስቲያናችን ሲታሸጉ ጸሎቱ የቀጠለው በምእመናን ሳሎን ነው። በእምነቱ ምክንያት የተገደለው ጉዲና ቱምሳም ወንጌል ነፍስን ከሥጋ ሳይለይ መላውን ሰው እንደሚያገለግል አስተምሮናል።

«ጊዜው ክፉ ነው፤ አጥር ያስፈልጋል» ለሚል እንራራለን፤ በአካባቢያችን የሆነውን እናውቃለን። ግን በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ከከማሺ ዞን የተፈናቀሉ ወገኖች ነቀምቴ ሲገቡ ማንኳኳት የሚችሉት የትኛውን በር ነበር? ዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሚሠራ በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል፤ ሰው ከዚያ ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ነው። በዚህ ሕግ አጥር የሚታጠረው ለሌላው ሰው ደኅንነት ነው፤ የእኛ ግን ሌላውን ለማራቅ ሆኗል።

ደግሞስ ምን ገዛን? በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን መንግሥት ሲወርስ ስንቱ ባለ ብዙ ቤት በአንድ ቀን ባዶ እጁን ቀረ! ዛሬም በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ ቦታ የሚሰጠው 99 ዓመት ነው። እግዚአብሔርም በዘሌዋውያን 25፥23 ምድሪቱ የእርሱ እንደሆነች፣ እኛም በእርሱ ዘንድ እንግዶች እንደሆንን ነግሮናል። እንግዳ እንግዳን እንዴት ከበር ይመልሳል?

ስለዚህ ወገኖች፣ ውሉን ከመፈረማችን በፊት እንጠይቅ። እዚህ ብንገባ የሴል ቡድናችን ድሃ አባል ተሳቅቆ ይቀራል? በእግሯ የምትመጣ መበለት ትደርሳለች? ከሰፈሩ ዕድር ጋር እንቀብራለን፣ ወይስ ገንዘብ ብቻ እንልካለን? ቤት ስናስመርቅም መጋቢውንና ባለ መኪናዎቹን ብቻ አንጥራ፤ በሉቃስ 14፥12-14 ጌታ እነማንን እንድንጠራ እንዳዘዘ እናንብብ። መጋቢዎችም ጎረቤት የማይገባበትን ቤት በዘይትና በጸሎት ከመባረካችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁት።

ጌታ ሆይ፣ ቤት ሰጥተኸናል፤ በሩን የሚከፍት ልብም ስጠን። ከደጃችን ያራቅነው አንተን እንዳይሆን ማረን። አሜን።