«አፉ በሉኝ» ከታላቅ ይጀምር

በየቤታችን ነገር ሲከር መቋጫው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቃል ነው። ልጅ «እሺ» ይላል፤ ሚስት «ይሁን» ትላለች፤ ታናሽ ወንድም «ተውኩት» ብሎ ይወጣል። እኛም «ተስማሙ» ብለን እናልፋለን። ነገር ግን «ይሁን» ያለ ሁሉ አልተስማማም፤ መናገር ሰልችቶት ዝም ያለም አለ። ቅሬታው ከርሞ የሚታወቀው ለዒድ ተጠርቶ ሲቀር ነው።

በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ በሁደይቢያ የ10 ዓመት የሰላም ውል ሲጻፍ፣ የቁረይሾች ወኪል ሱሀይል ኢብን ዐምር «የአላህ መልእክተኛ» የሚለው ቃል እንዲወጣ ጠየቀ። ዐሊይ (ረ.ዐ) ቃሉን መሰረዝ ከበዳቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ራሳቸው ሰርዘው «ሙሐመድ የዐብደላህ ልጅ» ተብሎ እንዲጻፍ ተስማሙ። ያን ዕለት «እሺ» ያሉት ከሁሉም የሚከበሩት ናቸው፤ ከክብራቸው ግን አንዳች አልጎደለም።

እኛ ዘንድ «እሺ» የታናሽ ዕዳ ሆኗል። አባት ልጁን፣ ባል ሚስቱን፣ አማት ምራቷን «አፉ በሉኝ» ማለት እንደ ሽንፈት ይቆጠራል። ረመዳን ሲገባ ለምናውቀው ሁሉ በስልክ «አፉ በሉኝ» ብለን እንልካለን፤ ያስቀየምነው ሰው ግን አጠገባችን ተቀምጦ የመግሪብን አዛን ይጠብቃል።

ዘንድሮ ቴምሩን ከማንሳታችን በፊት ባለችው ጥቂት ደቂቃ እኛ ታላላቆች እንቅደም። ጥፋታችንን በስሙ ጠርተን «አፉ በሉኝ» እንበል። ያን ጊዜ ከታናሾቻችን የምንሰማው «እሺ» ከልብ የመጣ ይሆናል።