የጡረታ ገንዘብና የሦስት ዓመት ቀጠሮ

ሠላሳና አርባ ዓመት በወር ደመወዝ የኖረ ሰው አንድ ቀን ብዙ ገንዘብ ባንድ ጊዜ ሲቀበል ደስታው ከሐሳብ ጋራ ይመጣል። ደመወዝ መንገዱን ያውቃል፤ ለእህል፣ ለልብስ፣ ለትምህርት ቤት እየተከፋፈለ ይሄዳል። ባንድ ቀን የመጣ ገንዘብ ግን መንገዱን አያውቅምና ባለቤቱ ካልመራው ሌላ ሰው ይመራዋል።

በቅርቡ አንድ የምናከብራቸው አዛውንት ሊያማክሩን መጥተው ነበር። በአንድ የግል ድርጅት በሂሳብ ሥራ ሲያገለግሉ ኖረው 60 ዓመት ስለ ሞላቸው ጡረታ ወጥተዋል። የወር አበላቸው ለቀለብ ይበቃቸዋል። ከዚህ ሌላ ድርጅቱ በፕሮቪደንት ፈንድ ያጠራቀመላቸውን 600,000 ብር ባንድ ጊዜ ተቀብለዋል። «ልጆቼ፤ የባለቤቴ ወንድም ከእርሱ ጋራ ሆኜ ሚኒባስ እንድገዛ ይመክረኛል፤ ጎረቤቴ ደግሞ አክሲዮን ግዛ ይለኛል፤ እናንተስ ምን ትላላችሁ?» አሉን።

እኛም ስለ ትርፍ ከመናገራችን በፊት፣ ገንዘቡ ለምንና መቼ እንደሚፈለግ እንዲነግሩን ለመንናቸው። የሂሳብ ሰው ናቸውና ከኪሳቸው ወረቀት አወጡ። በዚህ ዓመት ለባለቤታቸው የዓይን ሕክምና ከነጉዞው 150,000 ብር፤ በሚመጣው ዓመት የሚያፈሰውን የቤታቸውን ጣራ ለመለወጥ 150,000 ብር፤ የመጨረሻዋ ልጃቸው ኮሌጅ ስለ ገባች በየዓመቱ 70,000 ብር፣ በሦስት ዓመት 210,000 ብር። የሚተርፈው 90,000 ብር ለድንገተኛ ነገር ነው። እንግዲህ ገንዘቡ ሁሉ ቀጠሮ አለው፤ ቀጠሮውም ከሦስት ዓመት አያልፍም።

ገበሬ እህሉን ከአውድማ ሲያስገባ የዘሩንና የቀለቡን ይለያል። ዘሩን ለመሬት አደራ ይሰጣል፤ ዝናም ቢቀር ወይም አንበጣ ቢመጣ ይጠፋ ይሆናል፤ ነገር ግን ይህን አውቆ ነው የዘራው። ቀለቡን ግን ብዙ ያፈራልኛል ብሎ አይዘራውም፤ ቤተ ሰቡ እስከ መኸር የሚበላው እርሱን ነውና። የአዛውንቱ ገንዘብ ቀለብ ነው እንጂ ዘር አይደለም።

ኪሣራን የሚያሽረው ጊዜ ነው። የሠላሳ ዓመት ጐልማሳ ቢከስር ገና ብዙ ዓመት የሚሠራበት ጕልበት አለው። ጡረተኛው ግን ይህ የለውም። 600,000 ብር ወደ 300,000 ብር ቢወርድ፣ ወደ ነበረበት ለመመለስ 50 በመቶ ማትረፍ አይበቃም፤ የቀረው ገንዘብ እጥፍ መሆን አለበት። ይህን በሦስት ዓመት ውስጥ መጠበቅ ተስፋ እንጂ ሂሳብ አይደለም።

ሚኒባስ የገንዘብ ማስቀመጫ ሳይሆን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሾፌር፣ ጎማ፣ ኢንሹራንስና ጋራዥ ይጠይቃል። የኮሌጁ ክፍያ ደርሶ መኪናው በችኮላ ለሽያጭ ቢቀርብ፣ ገዢው የሻጩን ችግር አይቶ ዋጋውን ይሰብራል።

አክሲዮንም ቢሆን ለዘር የሚሆን ነገር ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ከጥቅምት እስከ የካቲት 2017 ዓ.ም. አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲያቀርብ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢም 33 አክሲዮን ነበር። በዚያው ዓመት በጥር ወር የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀመረ። ይህ ለአገር መልካም እርምጃ ነው፤ ረጅም ጊዜ ያለውም ሰው ቢሳተፍበት ይገባዋል። ነገር ግን አክሲዮን የገዛ ሰው የድርጅቱ ባለ ድርሻ ሆነ እንጂ ለድርጅቱ አላበደረም፤ በዚህ ቀን ዋናውን እመልስልሃለሁ ብሎ የፈረመለት የለም።

ሌላም ነገር እናስታውሳለን። አንድ የምናውቃቸው ጡረተኛ ሳይጠናቀቅ ዋጋው እጥፍ ይሆናል ለተባለ ቤት የነበራቸውን ሁሉ ቅድሚያ ከፈሉ። ቤቱ በተባለው ጊዜ አልተሠራም፤ ገንዘቡም አልተመለሰም። በዚህ መካከል ሚስታቸው ታመሙ። ሰውየው የደኻ ሰው አልነበሩም፤ ደረሰኝ በእጃቸው ነበር፤ ነገር ግን ሐኪም ቤት ደረሰኝ አይቀበልም።

እንግዲህ ለአዛውንቱ ያልነው ይህ ነው። የሕክምናው፣ የዘንድሮው ትምህርትና የድንገተኛው ገንዘብ፣ በድምሩ 310,000 ብር፣ በፈለጉ ጊዜ በሚወጣ በተራ ቁጠባ ይቀመጥ። የሁለተኛው ዓመት ክፍያ በአንድ ዓመት የጊዜ ገደብ ተቀማጭ፣ የሦስተኛው በሁለት ዓመት ይቀመጥ። የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ወለዱ በስምምነት ስለሚወሰን ሁለት ሦስት ባንክ መጠየቅ ይጠቅማል፤ ከቀኑ በፊት ቢወጣ ወለዱ ምን እንደሚሆንም ከመፈረም በፊት መጠየቅ ነው። የመንግሥት ግምጃ ቤት ሰነድም የ28፣ የ91፣ የ182 እና የ364 ቀን አለ፤ ከዋጋው ዝቅ ብሎ ተገዝቶ በቀኑ ሙሉው ይከፈላል። ደግሞም በ2013 ዓ.ም. የወጣው የገንዘብ አስቀማጮች መድን ደንብ በአንድ ባንክ ለአንድ አስቀማጭ የሚሰጠውን ዋስትና እስከ 100,000 ብር ስለ ወሰነ፣ ገንዘቡን ሁሉ በአንድ ባንክ አለማከማቸት ብልኅነት ነው።

አዛውንቱ ግን አንድ እውነተኛ ጥያቄ ጠየቁን። «ገበያው ሲወደድ ገንዘቤ ባንክ ተቀምጦ አይሟሟምን?» አሉ። እውነት ነው፤ ይሟሟል። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ አሳድጎ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የኑሮ ውድነቱ ከ30 በመቶ በላይ በሆነ ጊዜ ግን፣ ባንክ የተቀመጠ 100 ብር 107 ብር ሲሆን፣ በ100 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ከ130 ብር አለፈ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላም 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ።

የዚህ መድኃኒቱ ቀለቡን መዝራት አይደለም፤ የማይቀረውን ግዢ ማስቀደም ነው። የጣራው ቆርቆሮ፣ እንጨትና ምስማር ዛሬ ተገዝቶ ከዝናም ተጠብቆ ቢቀመጥ አይበላሽም፤ የሚመጣው ዓመት ዋጋም አይነካውም። ስሚንቶ ግን ሲቆይ ይጠጥራልና ሥራው ሲጀመር ይገዛ። ኮሌጁም የዓመቱን ክፍያ በዛሬው ዋጋ አስቀድሞ የሚቀበል እንደ ሆነ፣ በደረሰኝ መክፈል ከብዙ ወለድ ይሻላል። ከዚህ በኋላ የሚሟሟው ጥቂት ነው፤ እርሱም ገንዘቡን በቀጠሮው ቀን ለማግኘት የሚከፈል ዋጋ ነው።

በመጨረሻ አዛውንቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የባለቤቴን ወንድም ምን ልበለው? ቅር ይለዋል» አሉን። እውነተኛው ጭንቀታቸው ይህ ነበር። እኛም፣ እምቢ ማለት ቢከብድዎ ወረቀቱን ከባለቤትዎ ጋራ ሆነው ያሳዩት፤ የእኅቱን ዓይን፣ የእኅቱን ልጅ ትምህርትና ቤታችሁን ጣራ በየቀኑ ተጽፎ ሲያይ፣ ለሚኒባሱ የሚሆነው ከየትኛው ይቀነስ እንደሆነ እርሱው ይንገርዎ አልናቸው።

አዛውንቱም ሣቁ፤ ወረቀታቸውን አጥፈው ወደ ኪሳቸው መለሱ። ባለፈው ሳምንት እንደ ሰማነው ቆርቆሮው ተገዝቶ ከጓዳ ገብቷል፤ ወይዘሮዋም የሕክምና ቀጠሯቸውን ይዘዋል። የሚስታቸው ወንድም ጥቂት ቀን አኵርፎ ነበር፤ ቆርቆሮውን ከመኪና ያወረደው ግን እርሱ ነው።