ቁልቁለቱን የፈራ ወደ ኋላ ይላል

«የፈሩት ይደርሳል» የሚለው የአባቶች አነጋገር እውነትነቱ በበረዶ ሸርተቴ ጨዋታ ላይ ጎልቶ ይታያል። ለትምህርት ወደ ኦስትሪያ ወይም ወደ ስዊስ የሄደ ወጣት በክረምት ወራት ከአልፕስ ተራራ ላይ ሆኖ ቁልቁል ሲመለከት ልቡ ይርዳል፤ ሰውነቱም ሳያዘው ወደ ኋላ ይላል፤ ትከሻውም ወደ ተራራው ይጠጋል። በዚህም ከመውደቅ የዳነ ይመስለዋል። ነገር ግን መውደቂያውን ያዘጋጀው በዚሁ ነው። ክብደቱ ወደ ተረከዙ በሄደ ጊዜ የሰሌዳው አፍንጫ ይቀልና መሪ እንደሌለው መኪና ይሆናል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ቅልጥም የጫማውን ፊት ይጫን፤ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ጥቂት ይታጠፉ፤ እጆች ከፊት ይሁኑ። በሚዞሩበት ጊዜ ክብደቱ በውጭ በኩል ባለው እግር ላይ ይረፍ፤ ደረት ወደ ቁልቁለቱ እየተመለከተ እግሮች ከሥሩ ይዙሩ። ዋናው ቁም ነገር ግን አንዱን መታጠፊያ ከሌላው ማያያዝ ነው። ጀማሪ አንዱን እንደ ጨረሰ ተራራውን አግድም እየሄደ ያመነታል፤ በዚያው መካከል ፍርሃቱ ይመለሳል። የሠለጠነው ግን ምርኩዙን በቁልቁለቱ በኩል ነካ አድርጎ ክብደቱን ወደ ሁለተኛው እግር ወዲያው ያሻግራል፤ የአንዱ መጨረሻ የሌላው መጀመሪያ ይሆናል።

በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1907 ዓ.ም. ጀምሮ በሳንክት አንቶን መንደር ያስተማረው ኦስትሪያዊው ሐነስ ሽናይደር፥ ተማሪዎቹን በችሎታቸው ከፍሎ፥ በመጀመሪያ የሰሌዳዎቹን አፍንጫ አቀራርቦ ኋላቸውን በመክፈት ፍጥነትን መግታት፥ ቀጥሎም በዚያው አኳኋን መታጠፍ፥ በመጨረሻም ሰሌዳዎቹን አጠጋግቶ መዞር ያለማምድ ነበር። ዛሬ ሰሌዳው ወገቡ ቀጠን ብሎ ስለሚሠራ መዞር ቀሏል፤ ደረጃ በደረጃ የመማር ጥቅም ግን አልቀረም።

ስለዚህ ጉብዝና የሚለካው በወረዱበት ቁልቁለት አስፈሪነት አይደለም እንላለን። በለዘብተኛው ቁልቁለት ላይ አሥር መታጠፊያ ሳያቋርጥ ማያያዝ ያልቻለ ወጣት፥ ከባልንጀሮቹ ላለማነስ ሲል ገደል ወደ መሰለው ቢወጣ፥ አደጋው ለእርሱ ብቻ አይደለም። ከፊቱ የሚሄደውን ሰው ከአደጋ የመጠበቅ ግዴታ ከኋላ የሚመጣው ነውና፥ ራሱን መግታት የማይችል ሰው የሌላውንም አጥንት ይሰብራል።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ወጣቱ ፍጥነትን ከመመኘቱ በፊት ደረቱን ወደሚፈራው ቁልቁለት ማዞርን ይልመድ።